ሦስቱ የአሸዋ ናሙናዎች

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ ባልደረቦቻችን፣ ከወንዙ ዳር የመጣችሁ ገበሬዎች! ዛሬ በቀብሩ ላይ እንድናገር የተመረጥኩት ከሁሉም ይበልጥ ያውቀዋል ተብዬ ነው። አዎ፣ አውቀዋለሁ። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ማወቄ ነው።

በምርምር ጣቢያችን ላቦራቶሪ ውስጥ ጋሽ ሚዛን ነበር የምንለው። አንዱን ናሙና ሁለቴ ሳይመዝን አያልፍም። «ጋሼ፣ አፈር እኮ ነው፣ ወርቅ አይደለም!» ስንለው፣ «ወርቅማ ቢሳሳቱበት ማን ይራባል?» ይለን ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር ስንፈልግ ኖርን። የማሳውን አፈር ለክተን፣ አሸዋው ስንት ነው፣ ብስባሹ ስንት ነው፣ አሲዳማነቱስ ብለን፣ ዝናብ ሲመጣ ሰብሉን ከሚመግበው ናይትሮጅን ምን ያህሉ ታጥቦ እንደሚሄድ አስቀድመን ለመናገር። ገበሬው ማዳበሪያውን መቼና ምን ያህል እንደሚጨምር እንዲያውቅ። ቀመሩ ተገኘ። ከሦስት ናሙናዎች በቀር በሁሉም ላይ ሠራ።

ሦስቱ ከወንዙ ዳር አሸዋማ ማሳ የመጡ ናቸው። ቀመሩ ካለው እጥፍ ናይትሮጅን አጥተዋል። እኔ «የመለኪያ ስህተት ነው፣ እናውጣቸው» አልኩ።

«ሁለቴ መዝኛቸዋለሁ» አለ።

«ሪፖርቱ ሰኞ ይፈለጋል» አልኩት።

አለቃው ማን ነበር? እኔ። ሦስቱን ናሙናዎች የሰረዘውስ እጅ የማን ነበር? የእኔ።

ክረምት ገባ። እናንተ ገበሬዎች ከቀመሩ ባወጣነው ሰንጠረዥ አምናችሁ ማዳበሪያውን ባንዴ ጨመራችሁ። ዝናቡ ይዞት ወረደ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ «ማነው ይሄን የጻፈው?» ስትሉ ትዝ ይላችኋል? እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ማን ተነሳ? እሱ ተነሳ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። አንዲት እናት «ልጆቼን ምን ላብላ?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ለምን?» አልኩት። «አንተ ብትናገር ጣቢያው ይዘጋል። እኔ ብናገር አንድ ሽማግሌ ይባረራል» አለኝ።

ተባረረም። እኔ ዝም አልኩ። አራት ዓመት ዝም አልኩ። እሱ በየክረምቱ ወንዝ ዳር እየወረደ፣ ከእናንተ ጋር አፈር እየቆፈረ ቀመሩን ሲያስተካክል፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

እትዬ፣ ለእርስዎም እንዳልነገረዎት አውቃለሁ። ባለቤትዎ አልተሳሳተም። ልጆች፣ አባታችሁ አልተሳሳተም። ገበሬዎች ሆይ፣ ሰውየው እኔ ነኝ፤ የምትሉኝን ለመስማት የትም አልሄድም።

ጋሼ፣ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ መልስ ልትሰጠኝ በምትችልበት ቀን ነበር። አሁን ብጠይቅህ ለራሴ ብዬ ነው። አልጠይቅህም።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።