ዘማሪ ሳባፓቲ ይዘውት የሄዱት አሥራ አንደኛው አንቀጽ

ዘማሪ ሳባፓቲ ከአባታቸው ከዘማሪ ቪሩዳጊሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታይያልናያኪ፣ በካቬሪ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዚችው መንደራችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ገና በሰባት ዓመታቸው አባታቸው በማለዳ ወደ ወንዙ እያወረዱ፣ እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ አቁመው ድምፃቸውን ያስለማምዷቸው ስለ ነበር፣ ትምህርት ቤት የሚደርሱት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ እንደ ነበር ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ናታራጃን ያስታውሳል።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በጠና ታመው ከማረፋቸው በፊት፣ አምላካችንን ሺቫን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ መቅደሱን በየማለዳው የሚያስከፍተውን መዝሙር አሥራ አንደኛ አንቀጽ በጆሯቸው ነገሯቸው። አሥሩ አንቀጾች በሕዝብ ፊት እንደሚዜሙ ሁላችን እናውቃለን፤ አሥራ አንደኛው ግን ዘማሪው ከንፈሩን ከተዘጋው በር ላይ አስጠግቶ፣ አምላክ ብቻ እንዲሰማው በለሆሳስ የሚያዜመው፣ እንዳይጻፍ የተከለከለ፣ ከአባት ወደ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ እርሱ ሳይባል ካህኑ ቁልፉን አዙሮ አያውቅም። ዘማሪ ሳባፓቲም ኀምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጎርፍ ደጃፉን በሞላበት ዓመት እንኳ ሳይቀር፣ አንድም ቀን አላጓደሉም።

ከወይዘሮ ሲቫካሚ ጋር በሕግ ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን ማኒማራንንና ሴት ልጃቸውን ፑንጎዲን አፈሩ። ማኒማራን «አባዬ፣ የእኔ ድምፅ ተሳፋሪ ለመጥራት እንጂ ለአምላክ አይሆንም» ብሎ እየሳቀ ቼናይ ከተማ ገብቶ አውቶቡስ ነጂ ሲሆን፣ ፑንጎዲ ግን በመቅደሱ በረንዳ ላይ አበባ እየጎነጎነች አሥሩንም አንቀጽ በጆሮዋ ብቻ አጠናቀቀች። የቀረውን እንዲነግሯት እግራቸው ላይ ወድቃ ብትለምናቸው፣ «አሥሩ ይበቃሻል ልጄ፤ ይኼኛው የወንድ ነው» አሏት። ታናሽ ወንድማቸውም «ጋሼ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት? ልጅዎ እንደሆነ አይመለስ!» ቢላቸው፣ «አንተ ደግሞ አታሟርት!» ብለው ተቆጡ። ምነው የዚያን ዕለት ደፍሮ በተጣላቸው!

ባለፈው ታኅሣሥ ስትሮክ ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ያን ጊዜ ነው በግራ እጃቸው ፑንጎዲን ጠርተው ጆሮዋን ከአፋቸው ያስጠጉት። ዜማው አንድም ሳይጎድል ወጣ፤ ቃሉ ግን እምቢ አለ። እስከ ትናንት ማለዳም በወንበር ተሸክመን በሩ ላይ እያደረስናቸው፣ ካህኑ ያንኑ ቃል የሌለውን ዜማ ሰምቶ ይከፍት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ሞከሩ፤ አንዲት ቃል እንኳ አጥተው እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ፣ እርሷ እየጠረገችላቸው «እንደገና አባዬ፣ አንዴ ብቻ» ትላቸው ነበር። ወይ ነዶ! ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚያው ዜማ ላይ እንዳሉ ትንፋሻቸው ተቋረጠ።

አስከሬን በሰፈሩ እያለ መቅደስ አይከፈትምና በሩ ዛሬ እንደ ተዘጋ ነው። በሥርዓታችን ሐዘንተኛ መቅደስ አይገባምና፣ እኛ ቤተሰቦቻቸውም እስከ አሥራ ስድስተኛው ቀን ደጁን አንረግጥም፤ በሩም እስከዚያ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ፑንጎዲ አሥሩን አንቀጽና ቃል የሌለውን ዜማ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። ከሽማግሌዎቻችን መካከል «ሴት አትቆምም፣ ወንድ እንፈልግ» የሚል እንዳለ ተሰምቷልና፣ ያ ሰው እባካችሁ የወንድሜ ፊት ሳይሸፈን መጥቶ ለእርሳቸው ይንገራቸው። ወንድ ሲጠብቁ ነው የቀሩት።

ዘማሪ ሳባፓቲ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና የሚያስከፍተው ያጣ መቅደስ ትተው አልፈዋል። አምላካቸው ነፍሳቸውን በእግሩ ሥር ያሳርፍልን። ያን አንቀጽ ከእንግዲህ ከእርሱ በቀር የሚያውቀው የለምና፣ ልጃቸው ያለ ቃል ስትጠራው ሰምቶ ይነሣ።