ከመዝሙሩ ጀርባ ያለው ፎቶ

ለወዳጆቻችን ሁሉ በክብር የምናስታውቀው ነገር ይህ ነው፦ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ጠዋት የእትዬ ጸሐይወርቅ ስልክ ብልጭ ድርግም አለ።

ይህ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ዙይድ ያለችው ትንሿ ጉባኤያችን ወረቀት ትታ በስልክ አፕ መዘመር ከጀመረች ወዲህ እትዬ ጸሐይወርቅ ግጥሙ ይጠፋቸዋል፤ ራሳቸውንም ያማቸዋል። የኳየሩ መሪ ጋሽ ሙሉነህ «ዓይናቸው ስለ ደከመ ከኳየሩ ይሰናበቱ» ብለው ቆረጡ።

እኔ፣ የጉባኤው ጸሐፊ፣ ከካፔለ በሚመጣው ሜትሮ ከጋሽ ሙሉነህ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ ዴልፍት ከተማ ኮምፒውተር የምትማረው ትንሳኤ ድንገት ገባች።

«ጋሼ፣ እትዬን ልታባርራት ነው አሉ።»

«ልታባርራት? እናትሽ እንኳ አንቱ ትለኛለች።»

«እሺ፣ እርስዎ። ልታባርራት ነው ወይ?»

«ማሰናበት ይባላል። ዓይናቸው ደክሟል። በእኔ ስልክ ምንም አይልም።»

«ያንተ አዲስ ነዋ! የታመመው አፑ ነው። ከግጥሙ ጀርባ ያስገባኸው የደበዘዘ ፎቶ አለ አይደል? ግጥሙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኩ እንደገና ያደበዝዘዋል። አሮጌ ስልክ አይደርስበትም፤ ያኔ ብልጭ ድርግም ይላል።»

«ጉባኤው ሲጸልይ የተነሣ ፎቶ ነው። የከበረ ነገር በስሱ ሲታይ ያምራል።»

«ያምር ይሆናል ጋሼ፣ ግን ለማማር ተብሎ ሰው ይታመማል?»

እዚህ ላይ አንባቢን እንመክራለን፦ በሰው ከመፍረዳችሁ በፊት የያዘውን ዕቃ አገላብጡ። ይህን እዚያው ልናገር አስቤ ነበር፤ የጋሽ ሙሉነህ ፊት ስለ ጠቆረ ለጽሑፍ አቆየሁት።

አዳራሹ ስንደርስ ትንሳኤ የሁለቱን ስልክ ተቀብላ አለዋወጠቻቸው። እትዬ ጸሐይወርቅ በአዲሱ ስልክ አንድ ቃል ሳይስቱ ዘመሩ። ጋሽ ሙሉነህ በአሮጌው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መንፈስ መስሎን ነበር።

«ያዞራል» አሉ። «ምን ይሻላል?»

«ማደብዘዣውን ማጥፋት። የግድ ይደብዝዝ ካልክም አንዴ አደብዝዞ ማስቀመጥ ነው፤ ስልኩ በየቅጽበቱ አይለፋም።»

«አጥፊው።»

አጠፋችው፤ ፎቶው ጠራ፣ ብልጭታውም ቆመ። ራስ ምታት እንደሚቀር፣ ባትሪ እንደሚቆይ፣ አሮጌ ስልክ የያዘም ከአዲሱ እኩል እንደሚዘምር ጋሽ ሙሉነህ ለጉባኤው ራሳቸው አስረዱ። ሐሳቡ የእርሳቸው እስኪመስል ድረስ አስረዱ።

«ዓይናቸው ግን ይፈተን» ብለው፣ አፑን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በትልቁ አስበሩት። «እትዬ፣ ከኋላ ቆመው የሚያዩትን ይንገሩን።»

እትዬ ጸሐይወርቅ ሻሻቸውን ከግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«ጸሎት ላይ ነን። ፎቶው ከኋላ የተነሣ ነው። ያ መላጣ ጋሽ ሙሉነህ ናቸው፤ ስልካቸው ላይ ኳስ አለ። ከጎናቸው ጸሐፊያችን በስልኩ ጫማ ይመርጣል። ትንሳኤ ራሷን ፎቶ ታነሣለች። የኳየራችን ወልደየስ የሚስቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል።»

እኔ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«እርስዎስ የታሉ?» አሉ ጋሽ ሙሉነህ በቁጣ።

«ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሙሉነህ ግድግዳውን አዩ፣ እኛን አዩ።

«ዓይናቸው ደህና ነው» አሉ። የተቃወመ አልነበረም።