በአንድ እጅ የሚነሣው ማቀዝቀዣ

ከሽንፋ ወደ መተማ ዮሐንስ በመኪና ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠ የእርሻ ወኪል አጠገቡ ያለውን የቀን ሠራተኛ ገነት እንደሚሸጥ ሰው ያግባባዋል።

«ና ሰሊጥ እጨድልን። እኛ ጋ ሜዳ ላይ የሚሠራ አየር ማቀዝቀዣ መጥቷል። ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል።»

«ለአጫጁ ነው ጋሼ?»

«ለባለሀብቱ። ቆሞ ሲያሠራ ሙቀቱን አልቻለውም።»

«ቆሞ?»

«ያው ተቀምጦ።»

«በምን ይሠራል?»

«በጄኔሬተር።»

«ውኃ በምትስቡበት?»

«አዎ። ውኃውን ማታ እንስባለን፣ እሱ ቤቱ ሲገባ።»

«ቀን አጫጁ ምን ይጠጣል?»

«የማታው ይተርፋል።»

«የፊተኞቹ አጫጆች የት ሄዱ?»

«ሙቀት አይችሉም፣ ጥለውን ሄዱ። ሰሊጡ ሊራገፍብን ነው እኮ ወንድሜ!»

«እንግዲያ ባለሀብቱ ማቀዝቀዣውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይጨደዋ!»

የአጫጆቹ ጥም ታስቦኝ፣ ልጠጣ የከፈትሁትን የውኃ ጠርሙስ መልሼ ከደንሁት።