በደቦ የተተፋ አክታ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ አዲስ የቲቢ መድኃኒት ሲሞከር የላቦራቶሪውን ሥራ የማስተባብረው እኔ ነበርኩ፤ ባጭሩ እንጀራዬ የሰው አክታ ነበር። አንድ ቀን ከጎንደር ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ ስድስት ሰዎች አክታ ሰጡን፤ ስድስቱም ላይ ቲቢ ተገኘ። ለሙከራው ሰው አገኘሁ ብዬ ስፈነድቅ፣ ብልቃጦቹን ጎን ለጎን ባያቸው አክታው መንትያ ይመስላል። አለቃቸውን አያ ሞላን ጠርቼ ጠየቅኋቸው።

«አክታ ያልመጣለት ነገ ይመለስ አላችሁን» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «ሰሊጡ እየረገፈ ማን ይመለሳል? ጓዳችን አዲሱ ጥሩ ሳል አለው፤ ለሁላችንም ተፋልን።»

አምስት ጤነኛ ሰው ለወራት መድኃኒት ላስውጥ ነበር። ተናድጄ አንድ በአንድ ፊቴ አቁሜ አስተፋኋቸው። አምስቱ ነጻ ሆኑ፤ የታመመው አዲሱ ብቻ ነው። የሚጠብቀውን የክኒን ብዛት ሳሳየው ፊቱ ጠቆረ። ይሄኔ አያ ሞላ መጥተው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ አራቱም ከኋላቸው ተሰለፉ።

«ሐኪም፣ እሱ ለኛ ተፍቶልናል» አሉ። «ይሄን ሁሉ ብቻውን አይችለውም፤ ለኛም አካፍለን።»