ሳልነግረው መጣሁ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ላለችው ሴት ያወራሉ።

«ልጄ አዲስ አበባ፣ ከአንድ የቱኒዚያ ሰው ምግብ ቤት ወጥ ቤት ሆኖ ይሠራል። እሱ ዘንድ ሰንብቼ መምጣቴ ነው።»

«ደግ ነዋ፣ አባቴ! ምን አበላዎ?»

«ኩስኩስ ይሉታል፤ ቅንጬ ይመስላል። እነሱ በስንዴ ነው የሚሠሩት፤ እሱ ግን እኔ በወሰድሁለት ገብስ ሠራው። ከላይ የበግ ሥጋ፣ በዘይት የታሸ በርበሬ። ‹የራሴ ፈጠራ ነው፤ ከእንግዲህ ለሚመጡት የደርግ ጓዶችም ይኼንን ነው የማቀርበው› አለኝ።»

«ጣፈጠዎት?»

«እንጃ ልጄ። የሄድሁት እኮ የእናቱን መርዶ ልነግረው ነበር።»

«ውይ፣ እግዜር ያጥናዎ! እና ነገሩት?»

«እንደዚያ ደስ ብሎት ከአጠገቤ ቆሞ ስበላ እያየኝ፣ እንዴት አድርጌ? ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ቀበሌው የሰጠኝ የጉዞ ይለፍ ወረቀት ቀኑ አለቀ።»

«ሳይነግሩት መጡ?»

«መጣሁ። ደከመኝ ልጄ። ስነሳ ደግሞ ያልበሰለውን ቋጥሮ፣ ‹ይኼን ለእናቴ ሠርተው ያቅምሱልኝ› ብሎ ሰጠኝ፤ ይኸው ጉልበቴ ላይ ነው።»