ደዋዩን ከወረፋው አንሳው

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ማዞሪያ» የሚላቸው ሰው ያን ዕለት ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ቆመው ከጠራዡ ጋር ስለ ወርቅ ቀለም ይነጋገሩ ነበር። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በስልክ ማዞሪያ ቤት መፍጀታቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው የተነሳውን ወሬ ሁሉ፣ ስለ ዝናብም ይሁን ስለ ሙሽራ፣ ዞር አድርገው ከስልክ ጋር የማገናኘት ችሎታቸው ነው። በብብታቸው የያዙት ወፍራም ወረቀት ደግሞ የስልክ ሶፍትዌር መሥራት ለሚማሩ ሰዎች የጻፉት መመሪያ ነበር። ስልክ ሲደወል ኮምፒውተር ተቀብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ፣ ደዋዩን ወረፋ አስይዞ፣ ተራው ሲደርስ ከሠራተኛ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ ያስተምራል። ይህን ሥራ በገዛ ቋንቋችን የሚያስተምር መጽሐፍ በሰፈሩ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ርዕሱ በወርቅ ቀለም ይሁን» አሉ ጋሽ ማዞሪያ። «ስሜ ደግሞ ከርዕሱ ትንሽ ከፍ ይበል።»

«ከፍ ሲሉ በቦታ ነው በመጠን?» ጠየቀ ጠራዡ።

«በሁለቱም።»

ይህን ሲሉ በሩ ተከፈተና የማሠልጠኛው መምህርት ገባች። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ ያውቋታል። የመጣችው ፈተና ልታባዛ ነበር። ጋሽ ማዞሪያን ስታይ ግን ደስታና ጭንቀት ተራ በተራ በፊቷ ላይ አለፉ። መመሪያውን እንድትገመግም ማሠልጠኛው የመረጠው እሷን ነው፤ ውሳኔዋን የምታቀርበውም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። «ያልፋል» ካለች መጽሐፉ በሠልጣኞች እጅ ይገባል። «አያልፍም» ካለች ግን ማሠልጠኛው ያንኑ ከውጭ የመጣውን፣ ግማሹ ሠልጣኝ እያዛጋ የሚገልጠውን መጽሐፍ ይዞ ይቀጥላል። ለጋሽ ማዞሪያ ደግሞ ጡረታ ደጃቸው ላይ ቆሟል፤ ከዚህ መጽሐፍ ሌላ ለሙያው ትተውለት የሚሄዱት ነገር አልነበራቸውም።

«እግዜር ነው ያመጣሽ!» አሉ። «ነይ ፍረጂ። ስሜ ከርዕሱ በላይ ነው የሚያምረው ወይስ ከሥር?»

«ጋሼ፣ ጥረዛውን ለዛሬ ቢያቆዩትስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለምን? ወርቅ ቀለም አትወጂም?»

«ወርቁንስ እወዳለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ ‹አያልፍም› ብዬ ልጽፍ ነው ያሰብኩት። ሰው ከሚነግርዎት እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ጠራዡ ድንገት የመቀሱን ስለት መመርመር ጀመረ። ጋሽ ማዞሪያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ልጅቷ ከተጠረገው መነጽር በኋላም ያችው ልጅ ነበረች።

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ችግሩም እሱ ነው።»

«ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ከመዳብ ሽቦ ይጀምራል። ቀጥሎ የድሮው ማዞሪያ፣ ቀጥሎ የስልክ ምሰሶ፣ ቀጥሎ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው የሚያደርገው ጫማ። ሠልጣኙ ኮምፒውተር የሚነካው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው።»

«ጫማው ምን አደረገሽ? ያ ጫማ ስንቱን ሰው ከመውደቅ አትርፏል!»

«የኔ ሠልጣኞች ምሰሶ ላይ አይወጡም፣ ጋሼ። ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።»

ጠራዡ ሳቁን በሳል ለወጠው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ጋሽ ማዞሪያ፣ ጎረቤትነቱንም ታላቅነቱንም በአንድ ድምፅ አድርገው። «እኛን ማን አባብሎ አስተማረን? አለቃዬ ሽቦውን አሳይቶ ‹ንካው› አለኝ። ነካሁት፣ ወረወረኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሽቦ ረስቼው አላውቅም። ተማሪ ትንሽ ካልተንገላታ ዕውቀቱ አይሰርጸውም። የናንተ ዘመን ደግሞ ሁሉን አኝኮ ማጉረስ ነው የሚወደው።»

«እርስዎ ተወርውረው ተመልሰው መጡ። ተወርውረው ያልተመለሱትንስ ማን ያውቃቸዋል?»

«እነሱ ሰነፎች ናቸዋ!»

«ወይም ጎበዞች ሆነው የሚያስረዳቸው ያጡ።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁለቱም እንዳሸነፉ ቆጥረው ይለያዩ ነበር፤ የብዙዎቻችን ክርክር የሚያልቀውም እንዲሁ ነው። መምህርቷ ግን ረትታ መሄድን አልፈለገችም፤ የፈለገችው መጽሐፉን ማትረፍ ነው። በውስጡ የተከማቸው ዕውቀት ከሌላ ቦታ እንደማይገኝ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኔም ሥራውን እናውቀዋለን» አለች። «የሚያውቅ ሰው መመሪያ ሲያነብ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ነው፤ ለዚህ ዳኝነት አንመችም። የማያውቀው ይፍረድ። አንድ ሠልጣኝ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጥና መጽሐፍዎ የሚለውን ያድርግ። የሠራው ፕሮግራም ለደወለ ሰው መልስ ከሰጠ፣ ያለ አንድ ቃል ‹ያልፋል› ብዬ እፈርማለሁ።»

«ተስማምቻለሁ! እኔም ከጎኑ ሆኜ—»

«ከጎኑ አይደለም፣ ከጀርባው። ትንፍሽ ሳይሉ።»

«ለምን ተብሎ?»

«ሠልጣኙ መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ሲገባ እርስዎ አብረውት ይገባሉ?»

«ዝም ማለት ደግሞ ለኔ ምን ሥራ ነው!» አሉ ጋሽ ማዞሪያ። በዚህ ጊዜ ግን የሚያውቃቸውን ጠራዥ ሳሉም አላዳነው፤ በሳቅ ፈነዳ።

ማሠልጠኛው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ኮምፒውተሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ፀሐይ እንዳይወጋቸው መስኮቱ ላይ ካርቶን ተለጥፏል። መምህርቷ የመረጠችው ሠልጣኝ ጓደኞቹ «ልብስ ሰፊው» የሚሉት ጎልማሳ ነበር። ከስፌት መኪና ወደ ኮምፒውተር የመጣ፣ የተባለውን ልክ በልክ የሚሠራ፣ ከልኩ ግን ጣት የማያሳልፍ ሰው ነው። ደዋይም ያስፈልግ ነበርና ጋሽ ማዞሪያ ወደ ቤታቸው ደውለው ለባለቤታቸው የሙከራውን ቁጥር ነገሯቸው።

«መጀመሪያ ማሽን ያናግርሻል፤ ከዚያ ሰው ይመልስልሻል» አሉ።

«ሰውየውን ምን ልበለው?»

«ጤንነቱን ጠይቂዋ!»

ከዚያ ከልብስ ሰፊው ጀርባ ተቀመጡና አፋቸውን ዘጉ።

ልብስ ሰፊው መጽሐፉን ገለጠ። ሽቦውን አለፈው። ማዞሪያውን አለፈው። የጫማው ሥዕል ጋ ሲደርስ ትንሽ አመነታና፣ «ይቺን ቤቴ ስገባ አያታለሁ» ብሎ እሷንም አለፋት። ጋሽ ማዞሪያ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። መምህርቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

መልመጃው ላይ ሲደርስ ግን ሥራው አማረለት። በራሳቸው በጋሽ ማዞሪያ ድምፅ ተቀድቶ ከመጽሐፉ ጋር የመጣውን ሰላምታ አስገባ። ወረፋውን ሠራ። ጋሽ ማዞሪያም መምህርቷን በቅንድባቸው «አየሽ?» ይሏት ጀመር። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘ፦ «ደዋዩ ተራው ሲደርስ ከወረፋው አንሳው።» ደግሞ አነበበው። መጽሐፉ ከዘረዘራቸው የኮምፒውተር ትእዛዞች መካከል ከወረፋ የሚያነሳውን ፈለገና አገኘ፤ «ሰርዝ» ይላል። ጻፈውና፣ «ጨረስኩ» አለ።

ስልኩ ተደወለ። የጋሽ ማዞሪያ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «እንኳን ደህና መጡ። ጥሪዎ ለእኛ እጅግ የከበረ ነው። እነሆ ተራዎ ደርሷል!»

ከዚያ ጭጭ። መስመሩ ተቋረጠ።

ወዲያው የጋሽ ማዞሪያ የኪስ ስልክ ጮኸ። ቃል ገብተዋልና መናገር አይችሉም፤ መምህርቷ ተቀብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ‹የከበረ ነው› ብለህ ትዘጋብኛለህ?» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሽ ማዞሪያ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«ኧረ ተናገር! ሌላ ጊዜ የማያርፍ ምላስ ዛሬ ምን ያዘው?»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች መምህርቷ። «እባክዎ አንዴ ይድገሙልን።»

ደገሙላት። «...እነሆ ተራዎ ደርሷል!» አሁንም ጭጭ።

«ተራዬ ደረሰ እያለ ነው እኮ የሚጥለኝ!» አሉ መልሰው ሲደውሉ። «ባይደርስ ይሻለኝ ነበር!»

ጋሽ ማዞሪያ ከዚህ በላይ አልቻሉም። «አንሳው ነው የሚለው!» ብለው ብድግ አሉ። «ሰርዘው ይላል? ስልክ አንሳ ስትባል ምንድን ነው የምታደርገው?»

ልብስ ሰፊውም በአክብሮት ተነሳ። «ጋሼ፣ ስልኩን አንሳ ቢል አነሳ ነበር። ‹ደዋዩን ከወረፋው አንሳው› ነው የሚለው። እኔ በሙያዬ ኪሱን ከኮቱ ላይ አንሳው ከተባልኩ፣ ኪሱን እፈታዋለሁ እንጂ ኪሱን ሄሎ አልለውም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ማዞሪያ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ገጹ ላይ ወደቀ። አነበቡት። በልብስ ሰፊው ዓይን ሆነው እንደገና አነበቡት። ማዞሪያ ቤት «አንሳው!» ተብሎ ሲጮህ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ደዋዩን አናግረው ማለት ነው። ቃሉ ከዚያ ግድግዳ ውጭ ሌላ ሥራ እንዳለው ያን ቀን ገና አዲስ ሆነባቸው።

«ቤቴ ውስጥ ሳህኑን አንሳው ስባል እኮ ትርጉሙ ጠፍቶኝ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው።

«ቃሉ ለእርስዎ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ለአዲስ ሰው ግን መስቀለኛ ሆነበት» አለች መምህርቷ። «ጋሼ፣ ተማሪ ይንገላታ ብለውኝ የለም? ይሄው፣ ልብስ ሰፊው አልተንገላታም፤ ጨረስኩ ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የተወረወሩት እትዬ ናቸው። ነገ ይሄ ስልክ ሐኪም ቤት ቢገባና የሚደውለው የታመመ ልጅ የያዘች እናት ብትሆንስ? በመጥፎ መመሪያ የሚቀጣው ተማሪው አይደለም፤ ከዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ነው።»

ጋሽ ማዞሪያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት ከዚያኛው ጫፍ ያለውን ሰው ነበር። ሌላው ክርክር ሁሉ ያላነቃነቃቸውን ሽማግሌ ይህ አንድ ነገር ነቀላቸው።

«ብዕር ስጡኝ» አሉ።

እዚያው ልብስ ሰፊው ወንበር ላይ ተቀምጠው «ከወረፋው አንሳው» የሚለውን ሰረዙና፣ «ተራው የደረሰውን ደዋይ ከሠራተኛው ጋር አገናኘው» ብለው ጻፉ። «ገባህ?» አሉት ልብስ ሰፊውን።

«ይሄማ ስፌቱ የት እንዳለ ያሳያል!»

«ልክ መሥራቱንስ በምን ያውቃል?» ጠየቀች መምህርቷ።

«እውነትሽን ነው፣ በምን ያውቃል?» ብለው ጨመሩበት፦ «አሁን የሠራተኛው ስልክ ይጮሃል። ካልጮኸ አትደንግጥ፤ ከዚህ በላይ የጻፍከውን ትእዛዝ ተመልከት።» ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ሽቦውንና ምሰሶውን ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሰደዷቸው።

«ጫማውስ?» አለች መምህርቷ ፈራ ተባ እያለች።

«ጫማውም ይከተል! ምሰሶ በሌለበት ብቻውን እዚህ ምን ይሠራል!»

ልብስ ሰፊውም በታረመው መሠረት «ሰርዝ» ያለውን ትእዛዝ በ«አገናኝ» ተካው። ባለቤታቸው ግን ለሌላ ሙከራ እሺ አላሉም። «እኔ በነጻ የምዋረድ ሰው ነኝ?» አሉ። ጋሽ ማዞሪያ ለመኑ፤ ከራት በኋላ ሳህኑን ሳይጠየቁ ሊያነሱ ቃል ገቡ። ስልኩ ተደወለ። «...እነሆ ተራዎ ደርሷል!» ወዲያው ከልብስ ሰፊው ፊት ያለው ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ማነህ አንተ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማለቴ...» አለና ዙሪያውን ቃኘ። ድምፁ ድንገት ከፍ አለ። «ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ፣ እትዬ! ይሄን የሚያናግርዎትን የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«ጎሽ! ጤናህስ እንዴት ነው?»

መልሱ አልተሰማም፤ ጭብጨባው ዋጠው። ጋሽ ማዞሪያም ከሁሉ በላይ ያጨበጭቡ ነበር፤ መነጽራቸውን እንደገና አወለቁ፣ በዚህ ጊዜ ግን የጠረጉት መነጽሩን አልነበረም። መምህርቷ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ «የታረመው ያልፋል» ብላ ፈረመች።

መመሪያው ተባዝቶ ከተሠራጨ ወዲህ የመጣው ለውጥ በዓይን የሚታይ ሆነ። ቀድሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ የሚቀር ሠልጣኝ፣ አሁን በመጀመሪያው ቀን የራሱን ስልክ አስጩሆ እየሳቀ ይወጣል። ያወቀውንም ለቤተሰቡ በገዛ ቋንቋው ያስረዳል። ልብስ ሰፊው ከጓደኞቹ ጋር የጻፈው ፕሮግራም ሐኪም ቤት ገብቷል፤ ድሮ ቀኑን ሙሉ ስትደውል የምትውል እናት ዛሬ ተራዋ ሲደርስ ሰው ያናግራታል። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ የተሰደደውን የስልክ ታሪክም የሚያነበው ሰው በዛ፤ ሥራውን የወደደ ሰው ሥራው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋልና።

ጋሽ ማዞሪያ ከማዞሪያ ቤት ጡረታ ሲወጡ ማሠልጠኛው ጠርቶ የመመሪያዎች ገምጋሚ አደረጋቸው። በቀደም አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ በብብቱ ያበጠ ጽሑፍ ይዞ መጣ።

«ሰነፍ ላልሆነ ሰው ሁሉም ነገር ውስጡ አለ» አላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ እያደረገው።

ጋሽ ማዞሪያ ፈገግ ብለው ክንዱን ያዙት። «ና እስቲ ወንድሜ። ከሠልጣኙ ጀርባ ወንበር አለችህ፤ እዚያ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።»

«ዝም? እስከ መቼ?»

«ማሽኑ እስኪናገር!»