ቀያሹ በጉም ውስጥ

(ደብረ ብርሃን፤ የነሐሴ ጠዋት። ጡረታ የወጡት መሬት ቀያሽ አቶ ገብረየስ በእግር ሊንሸራሸሩ ወጥተው ሳይመለሱ ቆይተዋል፤ ፍለጋ የወጣችው ልጃቸው ውብርስት ስትደውልላቸው አሁን ስልኩን አንስተውላታል።)

ውብርስት፦ ሎኬሽኑን ለምን አጠፋኸው አባዬ? ያለህበትን እንዲያሳየኝ ብዬ አልነበር የከፈትኩልህ?

አቶ ገብረየስ፦ ከብት ነኝ እንዴ ደወል የምታስሪብኝ? ይህን ከተማ አርባ ዓመት የለካሁት እኮ እኔ ነኝ።

ውብርስት፦ እሺ፤ አሁን የት ነህ?

አቶ ገብረየስ፦ እዚሁ ነኝ።

ውብርስት፦ እዚሁ የት?

አቶ ገብረየስ፦ ጉም ነው፣ ምንም አይታይም። አንዲት የቆርቆሮ መጠለያ አግኝቼ ገባሁ። ሰው የለም።

ውብርስት፦ ድምፅህ ይንቀጠቀጣል።

አቶ ገብረየስ፦ ብርዱ ነው።

ውብርስት፦ የስልኩን ፊት ከላይ ወደ ታች ሳበው። ሎኬሽን የሚለውን ንካ።

አቶ ገብረየስ፦ መነጽሬን አልያዝኩም... ቆይ። በራ መሰለኝ።

ውብርስት፦ መጣህልኝ። ያለህበትን የሚያሳየው ክብ ግን ሰፊ ነው፤ አስፋልቱንም፣ ሜዳውንም፣ የድንጋይ ካባውንም ይዟል።

አቶ ገብረየስ፦ እኔ በአንድ ክንድ ስሳሳት አለቃዬ ያስደግመኝ ነበር። ይሄ የእናንተው ግማሽ ቀበሌ ያድላል።

ውብርስት፦ ዋይፋዩንም ክፈተው።

አቶ ገብረየስ፦ እዚህ ምድረ በዳ ምን ዋይፋይ አለ?

ውብርስት፦ ባትገባበትም በአካባቢው ያለውን እየቃኘ ያጠበዋል። ክፈተው በቃ።

አቶ ገብረየስ፦ ከፈትኩት።

ውብርስት፦ ትንሽ ጠበበ። አስፋልቱ ወጣ። ወይ ሜዳው ነው፣ ወይ ካባው።

አቶ ገብረየስ፦ ካባው አጥር የለውም አይደል?

ውብርስት፦ የለውም። ክቡ አልጠብ ያለው ቆርቆሮው ሰማዩን ጋርዶበት ነው። ስፒከሩን ክፈትና ስልኩን ወደ ውጭ ዘርጋው። እጅህን ብቻ፤ እግርህን እንዳታነሳ።

አቶ ገብረየስ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ባናውቀውስ?

ውብርስት፦ አባዬ፣ ዘርጋው።

አቶ ገብረየስ፦ ዘረጋሁ።

ውብርስት፦ እንደዚያው ያዘው... እየጠበበ ነው... እየጠበበ ነው...

አቶ ገብረየስ፦ የት ነው የሚለው?

ውብርስት፦ ካባው አፋፍ ላይ ነህ።

አቶ ገብረየስ፦ ገደሉ በየት በኩል ነው?

ውብርስት፦ የዞርክበትን አያሳየኝም።

አቶ ገብረየስ፦ እግሬ ሥር ድንጋይ አለ። ወደ ፊት ልወርውረው።

ውብርስት፦ ቀስ ብለህ። እንዳትራመድ።

አቶ ገብረየስ፦ ወረወርኩት... ውቤ፣ ሲያርፍ ቆየ። ድምፁ ከታች ነው የመጣው።

ውብርስት፦ እንግዲህ ከፊትህ ነው። ወደ ኋላ በልና ጀርባህን ቆርቆሮው ላይ አስደግፍ። ቁጭ በል።

አቶ ገብረየስ፦ ተቀመጥኩ። ስልኩን እንዳትዘጊው።

ውብርስት፦ አልዘጋውም። ባጃጅ ውስጥ ነኝ፣ መታጠፊያው ላይ ደርሻለሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁት የካባው ጥበቃ እየመራን ነው።

አቶ ገብረየስ፦ አውሪኝ። ዝም ስትዪ ጉሙ ይብስብኛል።

ውብርስት፦ ወረድን፤ በእግር ነን። ነጥብህ ጋ ልደርስ ነው... ቆርቆሮው ታየኝ። አባዬ፣ አየሁህ። እዚያው ሁን፣ እኔ እመጣለሁ።

አቶ ገብረየስ፦ ነይ። እናትሽ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር።

ውብርስት፦ ምንም አትልህም። በዚህ ጉም ማንም ይጠፋል።

አቶ ገብረየስ፦ ማክሰኞም ጠፍቼ ነበር፣ ልጄ። ማክሰኞ ፀሐይ ነበር።